ለአንገቴ የላክሽው

አሰብ፣ ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለልጄ ለብርቅዬ፣ አዲስ አበባ፤

እንደምን ከረምሽልኝ፣ የኔ ዓለም? ናፍቆትሽ ከአሰብ ሙቀት ይብሳል፤ ሙቀቱን ደግሞ አድገሽበታልና ታውቂዋለሽ። አባትሽ ደህና ነው። ጉምሩክ ውሎ ይመጣና ሸሚዙን ጨምቆ ያሰጣል፤ ሥራው ይኸው ሆኗል። ጎረቤታችን ዳሃባ ሰላም ብላሻለች፤ ለአንቺና ለንጋቱ ሠርግ የሚሆን ሰሌን እየሠራችልሽ ነው። ሻሹና ቅባቱ በሾፌሩ በአባተ እጅ ደርሰውኛል። ሻሹን አደርገዋለሁ፤ በዚህ አትጨነቂ።

አሁን የሆዴን ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ አንገሸገሸኝ። «እማዬ፣ የንጋቱ ቤተሰቦች ከተሜዎች ናቸው፤ ፎቶግራፍ ስንነሣ ንቅሳትሽ ባይታይ ደስ ይለኛል» ትያለሽ። ዝቅ ብለሽ ደግሞ «ቅባቱ ያስለቅቀዋል ይላሉ» ትያለሽ። ማነው የሚለው? ማስለቀቅስ ምን ማለት ነው? እኔ እድፍ የነካው ነጠላ ነኝ?

ይህን አንገት እኔ መርጬ አላመጣሁትም። ወሎ ሳለን፣ ገና ልጅ ሆኜ፣ እናቴና አክስቶቼ እጅና እግሬን ጥርቅም አድርገው ያዙኝና ነቃሿ በእሾህ ወጋችኝ፤ በላዩ ጥላሸት አሸችበት። ስጮህ «ዝም በይ! ባዶ አንገት ማን ያገባል?» አሉኝ። አንገቴ አብጦ ምራቄን መዋጥ ሲያቅተኝ እነሱ እልል ይሉ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው የሚቀፈኝ ሕመሙ አይደለም፣ ያ እልልታ ነው። ከልጅ አንገት ላይ መግል እየወረደ እልል ይባላል? ሲድን ግን፣ አልዋሽሽም፣ ኮራሁበት። ገበያ ስወጣ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው። በግድ አጥልቀውልኝ የለመድኩትን ጌጥ ዛሬ ደግሞ አውልቂ እባላለሁ።

አባትሽን ጠየቅሁት። «አሥራት፣ ይሄ ንቅሳት አስጠላህ?» ብለው፣ ጋዜጣውን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ «ምን ነካሽ፣ እኔ አንቺን ያገባሁት አንገትሽን አይቼ አይደል?» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አስከፋኝ። እናቴም አንገቴን፣ አባትሽም አንገቴን፣ አንቺም አንገቴን! እላዩ ላይ ስለተቀመጠው ጭንቅላት የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

ያን ዕለት ቅባቱን ከፈትኩት። ክዳኑ ላይ ያለችው ፈረንጅ ጥርሷን ታሳያለች፤ ውስጡ ግን የከረመ ዓሣ ይሸታል፣ በላዩ ሽቶ አርከፍክፈውበት። ባሕሩ አጠገብ እየኖርኩ የዓሣ ሽታ ያስመልሰኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዳሃባ አንድ ጊዜ አሽትታ ፊቷን አዞረች።

«ወላሂ እቴናት፣ ይሄን ፍየል ቢቀቧት ግልገሏ ሸሽቶ አይጠባትም!» አለችኝ።

ሳቅን። ያኔ መጣል ነበረብኝ።

ያልጣልኩት በፎቶግራፍሽ ምክንያት ነው። ከንጋቱ እናት ከወይዘሮ ወርቅዬ ጎን ቆመሽ የተነሣሽውን ማለቴ ነው። የሴትዮዋ አንገት ለስላሳ፣ ሐብሏ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጄን በሰው ፊት ላሳፍራት ነው ብዬ ፈራሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ብርቅዬ፣ መስተዋት ፊት ተቀምጬ እንደ ኮረዳ ተቀባሁ። ራሴን ተጸየፍኩት፤ ቢሆንም በማግስቱም ተቀባሁ።

ቅባቱ ጥላ ላለው አገር የተሠራ መሆን አለበት። አንድ ቀን ለአባትሽ ምሳ ይዤ ወደብ ወረድኩ። የጭነት መኪናዎቹ ተሰልፈው መንገዱን ስለዘጉት ፀሐይ ላይ ብዙ ቆምኩ፤ የባሕሩም ነፋስ ከነጨው ይገርፈኛል። ቤት ስደርስ አንገቴ እሳት ሆኗል። ሲያድር ተላጠ። ነጠላዬ ቁስሉ ላይ እየተጣበቀ፣ ሳላቅቀው ቆዳዬን ይዞ ይነሣ ጀመር። አባትሽ ሲያየኝ ወደ ውጭ ወጥቶ ቆመ። ዳሃባ እሬት ቆርጣ እያመጣች ታክመኛለች፤ ስታክመኝም የማይገባኝን ስድብ በአፋርኛ ትሳደባለች። ንቅሳቱ ምን ሆነ ካልሽ፣ እንዳለ ነው። ቆዳው ሄደ እንጂ እሱ አልሄደም።

ተኝቼ ሳለሁ ፎቶግራፍሽን እንደገና አየሁት። በመጀመሪያ ያላየሁትን ያን ጊዜ አየሁ። ፊትሽ የማላውቃት ነጣ ያለች ሴት ፊት ነው። አበባውን የያዘው እጅሽ ግን ጠይም ነው፣ የኔ ልጅ እጅ። አንድ ሰው ላይ ሁለት ሰው! ለኔ የላክሽው ራስሽ የምትቀቢውን ኖሯል። ያን የበሰበሰ ነገር ፊትሽ ላይ? የልጅነት ፊትሽን በዚህ ጨው ውኃ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ምን ጎድሎት አገኘሽ? «ጠይሟ» ያለሽ አለ? ንጋቱ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪኝ፤ ሌላ ሰው ከሆነም አፉን ይዝጋ። እኔን አራት ሴት ይዞኝ ነው የተወጋሁት። አንቺን ማን ያዘሽ?

ሻሹን አደርገዋለሁ ያልኩሽ እንግዲህ ለዚህ ነው፤ ቁስሉ እስከ ሠርጉ አይደርቅም። ጠበቅ አድርጌ አስረዋለሁ። የንጋቱ ዘመዶች ቢጠይቁሽ «እናቴ በንቅሳቷ አፍራ ነው» በያቸው። ልጇ በላከችላት ቅባት ተቃጠለች ከሚሉ፣ እኔው ያፈርኩ ልምሰል።

ድንግል ማርያም ከክፉ ዓይን ትከልልሽ፣ ከመስተዋትም ዓይን ጭምር። ትዳርሽ የሰላም፣ ማሕፀንሽ የለመለመ ይሁን። የራስሽን ብልቃጥ ግን ዛሬ ጣዪው። ሠርግሽ ዕለት ፊትሽን በውኃ ብቻ ታጥበሽ ተቀበይኝ። የወለድኳትን ልጅ ነው መዳር የምፈልገው።

እናትሽ፣
እቴናት