በብሎኑ ላይ ያለው ነጭ መስመር

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 18 ቀን

ለምወድህ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ስልክ ላይ ማውራት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። አንተ ደግሞ ስልክ ላይ ነገር መሸፋፈን ትችልበታለህ። ስለዚህ በወረቀት ልጻፍልህ አልኩ። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

ጉዳዩ የሞተር ሳይክልህ ነው። ይሸጥ ወይስ ይላክ? ዕቃ አስተላላፊው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት እየደወለ "እመቤት፣ የሞተሩ ሳጥን ይሠራ ወይስ ይቅር?" ይለኝ ነበር። እኔም "ነገ ቁርጡን እነግርሃለሁ" እለው ነበር። በኋላማ ነገ ስለው መሳቅ ጀምሮ ነበር።

መጀመሪያ የጻፍክልኝን ታስታውሳለህ? "ከእኔ ልብስ በፊት ሞተሩ ይምጣ" ነበር ያልከው። ነዳጁ እንዴት ተቀድቶ እንደሚወጣ፣ ባትሪው እንዴት እንደሚነቀል፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ እንዴት ታጥቦ እንደሚጠራ፣ ሁሉንም ዘርዝረህ ሦስት ገጽ ሞላህ። ስለ እኔ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አገኘሁ፤ "አንቺም ወፍራም ካፖርት ያዢ" የሚል። ስቄ አለፍኩት። ሞተሩን ከእኔ በፊት ነው ያወቅከው፤ ቅናት ድሮ ወጥቶልኛል።

ከዚያ ድንገት ደውለህ "ሽጪው" አልከኝ።

"ለማን?"

"ለመጣ።"

"በስንት?"

"ባገኘሽው።"

ለመጣ! ወንድሜ ለፎቶ ልቀመጥበት ቢልህ "መጀመሪያ ሱሪህን አራግፍ" ያልከው ሰው፣ ዛሬ ለመጣ ይሸጥ ትላለህ። በሌላ ቀን ደግሞ "የጉዞሽንም ነገር አትቸኩዪ፣ ብርዱ ይለፍ" አልከኝ። ያኔ ውስጤ ነገር ገባ። ሞተሩን "ሽጪው" ያለ አፍ ነገ እኔን "እዚያው ቅሪ" ሊለኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

እኔን ታውቀኛለህ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ከሰው ኪስ ከሚወጣ ቁራጭ ወረቀት ነው። የዕቃ ደረሰኝ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የተቀደደ የፍቅር ደብዳቤ፣ ሁሉንም ካውያው አጠገብ እያደረቅኩ ፊደል ቆጥሬበታለሁ። ከፊደሉ ጋር አንድ ነገር አብሬ ተማርኩ፤ ሰው በእጁ ይዞት መታየት የማይፈልገውን ኪሱ ውስጥ ይከታል።

ስለዚህ የላክልኝን ፎቶዎች አውጥቼ እንደገና አየኋቸው። በሩ ላይ ቆመህ፣ ግራ እጅህ ካፖርትህ ኪስ ውስጥ ነው። ከሥራ ጓደኞችህ ጋር፣ ግራ እጅህ ኪስ ውስጥ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠህ እንኳ ኪስ ውስጥ ነው። ተቀምጦ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው አይቼ አላውቅም፤ አይመችም። አከራያችን በትከሻዬ በኩል አንገቷን አስግጋ እያየች ነበር።

"ቀለበት የምታደርጉት በየትኛው እጅ ነው?" አለችኝ።

"በግራ።"

"እም" አለች። ያ "እም" ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ አደረ።

በዚያ ላይ የሴት ድምፅ አለ። ባለፈው ስንነጋገር ከኋላህ አንዲት ሴት "ና ግባ፣ ተራህ ደርሷል" ስትል ሰማሁ። ማናት ብልህ "የምግብ ቤቷ ልጅ ናት" አልከኝ። ምን ዓይነት ምግብ ቤት ነው ሰው እየተጠራ በተራ የሚገባበት? አልጠየቅኩህም። ዝም ስል የማላስብ እየመሰለህ ኖረሃል።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ሞተሩን ከሸራው አወጣሁት። ቢሸጥም ቢላክም መታጠቡ አይቀርም ብዬ ነው። እያጠብኩ እጄ ወደ መስመሮችህ ሄደ። ብሎን ባሰርክ ቁጥር ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ የምታሰምራትን ቀጭን ነጭ ቀለም እያልኩህ ነው። "መስመሩ ከተላቀቀ የሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው" ትል ነበር። ፍሪጅ ስትጠግን ደንበኞችህ ይስቁብህ ነበር፤ እኔም ስቄብሃለሁ። አሁን ግን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ደህና ናቸው። መሪው ላይ፣ በግራ በኩል፣ ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠው የፍሪሲዮኑ መያዣ ሥር ያሉት ሁለቱ ግን ተላቀዋል። ብሎኑ ላይ ያለው ወደ ላይ፣ ብረቱ ላይ ያለው ወደ ታች ያያል፤ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት።

የሰው እጅ ገብቷል።

የግቢው ቁልፍ ያለው እኔና አከራያችን ጋ ብቻ ነው። ሄድኩባት።

"እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ማን መጥቶ ነበር?"

"ማንም አልመጣም።"

"ማንም?"

"አልኩሽ እኮ! ከመካኒኩ በቀር ማንም።"

"መካኒኩ ማንም አይደለም እንዴ?"

"ባልሽ ልኮኝ ነው አለኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ ልፈትሸው?"

ያኔ ሁሉም ነገር የተያያዘ መሰለኝ። መካኒኩ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ አስገብቷል፤ አንተም ታውቃለህ፤ በርካሽ ይሸጠውና ለሁለት ትካፈሉታላችሁ፤ አንተም በድርሻህ ለዚያች በተራ ለምታስገባ ሴት ካፖርት ትገዛላታለህ። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ካፖርቷን ቀለሙን ሳይቀር መርጬላት ነበር።

የሥራ ሽርጤን ሳላወልቅ ጋራዡ ሄድኩ። መካኒኩ ዘይቱ ከአንድ መኪና ሥር ተኝቷል፤ እግሩ ብቻ ይታያል። ስሙ ዘይቱ የሆነው እጁ ታጥቦ ስለማያውቅ ነው እያልክ የምትቀልድበት ሰው፣ ያን ቀን እግሩም ዘይት ነበር።

"ዘይቱ፣ ከሞተራችን ላይ ምን ፈታህ?"

እግሩ ይወዛወዝ ነበር፤ ቆመ።

"እኔ? ምንም።"

"ነጩ መስመር ተላቋል።"

"አይ ያ ሰውዬ ከነመስመሩ!" ብሎ እየተንፏቀቀ ወጣ። "አንቺ ፖሊስ ነው እንጂ ባል አላገባሽም።"

"ፖሊሱ አሁን እኔ ነኝ። ተናገር።"

"እህቴ፣ ሌባ አታድርጊኝ። ራሱ ደውሎልኝ ነው። 'ፍሪሲዮኑን ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር ይቻላል ወይ?' አለኝ። ሄጄ ፈትቼ ለካሁት። በቀኝ በኩል የፊት ፍሬን አለ፣ ነዳጅ መስጫው አለ፤ ሦስቱን አንድ እጅ አይችላቸውም። አይሆንም አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። ቆይቶ 'እንግዲያው ይሸጥ' አለ።"

"ለምን እንደፈለገው አልጠየቅከውም?"

"ጠየቅኩት። ለጓደኛዬ ነው አለኝ።" የያዘውን ጨርቅ ይጠመዝዝ ጀመር። "የጓደኛው ከሆነ የጓደኛው ሞተር ላይ አይለካም እንዴ ብዬ አሰብኩ። ግን አፌን ያዝኩ። አንቺም እንዳላልኩሽ ሁኚ።"

ፍሪሲዮን በግራ እጅ እንደሚያዝ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ስንት ዓመት ከኋላህ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

እቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። እኔ የሰው እጅጌ ሳጥብና ስተኩስ ነው የኖርኩት። ያንተን ግራ እጅጌ ቀና ብዬ ሳየው ከካውያ እንደወጣ ነው፤ ክርኑ ላይ አንድ እጥፋት የለውም። ቀኙ እንደ ሰው እጅጌ ተጨማድዷል። ቀለበቱን ስፈልግ እጅጌውን ሳላይ ቀረሁ።

የደበቅከው ቀለበት አልነበረም፤ የተጎዳ እጅህን ነበር።

"ተራህ ደርሷል" ያለችህ ሴትም ምን እንደምትሠራ ገባኝ፤ ሰው በተራ የሚጠራው ምግብ ቤት ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው። ከነካፖርቷ ስንት ቀን ረግሜያታለሁ። ስታገኛት ሰላም በልልኝ፤ ምክንያቱን አትንገራት።

መቼ፣ በየትኛው የሥራ ቦታ ማሽን፣ ምን ያህል ተጎዳህ ብዬ አልጠይቅህም። ስደርስ ትነግረኛለህ። ባትነግረኝም ሸሚዝህን የማጥበው እኔ ነኝ። አንድ ነገር ግን ልበልህና ይውጣልኝ፤ ከእኔ በፊት ለዘይቱ በመንገርህ ተቀይሜያለሁ። "ለጓደኛዬ" ብትልም መንገር ነው። "ብርዱ ይለፍ" ያልከኝንም አሁን ተረድቼዋለሁ፤ ተረዳሁት እንጂ አልተቀበልኩትም። ቲኬቴ ተቆርጧል።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። አንድ ገዢ መጥቶ ነበር፤ ጎማውን በእግሩ እየመታ "አሮጌ ነው" አለ። አሮጌ ከሆነ ለምን ትደበድበዋለህ ብዬ ሸኘሁት። ትናንት ደግሞ ለዕቃ አስተላላፊው ደወልኩና "ሳጥኑን ሥራ" አልኩት። ሳቁን ተወ።

ማን ሊነዳው ነው ትለኛለህ። ሰሞኑን ከሥራ ስወጣ ዘይቱ ጋራዡ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ያስተምረኛል። ሁለቴ ወድቄያለሁ፤ ሞተሩ አልተጫረም፣ እኔ ነኝ የተጫርኩት፣ ስለዚህ አትደንግጥ። መነሳት ይከብደኛል፤ ፍሪሲዮኑን ጭብጥ አድርጌ ይዤ አልለቅም።

"እህቴ፣ ልቀቂው፣ ይሂድ!" ይላል ዘይቱ።

"ጥሎኝ ቢሄድስ?"

"አንቺ ላዩ ላይ ሆነሽ እንዴት ጥሎሽ ይሄዳል?"

እውነቱን ነው። ላዩ ላይ ሆኖ መጠርጠር ሞኝነት ነው። አሁን ቀስ አድርጌ እለቃለሁ። ባዶ ቦታውን ዞሬ ዘይቱን ሳልገጨው እመለሳለሁ፤ እሱም ለጥንቃቄ ግንቡ ላይ ወጥቶ ነው የሚጠብቀኝ። የዚያን አገር መንጃ ፈቃድ እዚያው እፈተናለሁ።

ሁለቱን ብሎኖች ዘይቱ እንደገና አስሯቸዋል። ነጭ ቀለምህ ደርቆ ስለነበር ከአከራያችን የጥፍር ቀለም ለመንኩ።

"ለየትኛው ጥፍርሽ ነው?" አለችኝ።

"ለብሎን ነው።"

"ጭራሽ አበድሽ" ብላ ሰጠችኝ። እናም በግራ በኩል ያሉት መስመሮች ቀይ ናቸው፤ የእኔ ናቸው። ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ እነሱን እዩልኝ በላቸው። ተላቀው ከተገኙ መንገድ ላይ የነካው ሰው አለ። መርከበኛም ቢሆን አላምንም።

የኋላው መቀመጫ ስፖንጁ አልቆ ነበር፤ አስቀይሬዋለሁ። እዚያ ተቀምጬ ስለኖርኩ የሚቆረቁረውን ቦታ አውቀዋለሁ። ወገቤን ለመያዝ አንድ እጅ ይበቃሃል።

አምላክ በሰላም ያቆይልኝ። ከብርድ ይጠብቅህ፣ ከማሽኑም ይጠብቅህ፤ የተረፈውንም የተጎዳውንም እሱ ይባርክልኝ። አብረውህ ለሚሠሩት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

ያንተው
ባለቤትህ

ልትቀበለኝ ስትመጣ ያንን ካፖርት አትልበሰው። ወይም ልበሰውና፣ እጅህን ከኪስህ አውጥተህ ጠብቀኝ።