በቆርቆሮ ያጠርከው የሩጫ መንገድ

ሐይቅ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀምዳን፣ ባለህበት

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የበረሃው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። እናትህ ዑምኩልሱም ዓይኗን ታክማ ድናለች፤ ለእሱ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ውጭ ግን ደህና አይደለንም፤ ያመጣህብንም አንተ ነህ። ስለዚህ ይኼ የናፍቆት ደብዳቤ አይምሰልህ።

በስልክ ሞክሬ ነበር። ስለ አጥሩ ስጀምር «አባ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ትለኛለህ። ስለ ጤና ሲወራ የሚጠራ፣ ስለ አጥር ሲወራ የሚቆራረጥ ኔትወርክ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ወረቀት አይቆራረጥም። የጎረቤታችን ልጅ ሰሞኑን ወደናንተ ዓረብ አገር ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

እኔ እናትህን ይዤ ደሴ ሆስፒታል በሰነበትኩበት ጊዜ ለጓደኛህ ለማህዲ ደውለህ መሬታችንን ከዳር እስከ ዳር በቆርቆሮ አሳጠርከው። ገስት ሃውስ ልትሠራበት ነው አሉ። ይሁን፣ እኔ የእንግዳ ጠላት አይደለሁም። ግን በመሃሉ የሚያልፈውን የሰው መንገድ የት አደረግኸው? ለዚያውም ባለቤቱን ሳትጠይቅ፣ እቤት በሌለበት። ሌባ እንኳ ባለቤቱ ሲወጣ ገብቶ የሚወስደውን ይወስዳል እንጂ አጥር አጥሮ አይጠብቀውም። እናትህ የዓይኗ ፋሻ ተነሥቶላት ከባጃጁ ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ያንን የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ነው። «ሐይቁ የት ሄደ?» አለችኝ። ሐይቁማ ከቆርቆሮህ ኋላ ነበር።

ስለዚያ መንገድ ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን ገንዘብ ስትይዝ የረሳኸው ስለመሰለኝ ልንገርህ። ከከተማው ጫፍ ተነሥቶ በሐይቁ ዳር ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፤ አሸዋማ ስለሆነ ክረምት ከበጋ ጭቃ አይዝም። የእኛን እርሻ ሰንጥቆ፣ የድንጋይ መስጊዱ ያለበትን የድሮውን መንደር አልፎ እስጢፋኖስ ገዳም መግቢያ ይደርሳል። ወንዶቹ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፤ ሴት ስለማይገባ ሴቶቹ ከበሩ ላይ ዞረው ይመለሳሉ። በዚያ መንገድ ስትበር ያደግከው አንተ ነህ። የስፖርት አስተማሪህ መምህር ደሳለኝ ሰዓቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቅህ ነበር። የድሮው መንደር አሮጊቶች «የዘይኑ ልጅ አለፈ፣ ከብት ይፈታ» ይሉ ነበር። እኔም ከሞፈሬ ላይ ቀና ብዬ ሳይህ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያኔ ሳልነግርህ ቀርቼ አሁን ተናድጄ ልነግርህ ነው።

ዛሬ በዚያ የምትሮጠው እህትህ ሀኒያ ናት። ሱብሒ ሰግዳ፣ ሂጃቧን ጠበቅ አድርጋ አስራ ትወጣለች። የገዳሙ በረኛ መነኩሴ እንኳ ለምደዋት «ዛሬ ዘገየሽ» ይሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ ሳይቀር ሰው እየመጣ ከእሷና ከደሳለኝ ተማሪዎች ጋር ይሮጣል፤ የመንደሩ ሴቶችም ቆሎና ውኃ ይሸጡለታል። መስከረም ላይ ለደሴው ክለብ ማጣሪያ ነበራት። ነበራት እያልኩህ ነው፣ ልብ በል።

መንገዱ ሲዘጋባቸው ልጆቹ ወደ አስፋልቱ ወጡ። የደሴና የወልድያን አስፋልት ታውቀዋለህ። ሲኖትራክ መጣባትና ቦይ ውስጥ ዘለለች፤ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ወጌሻው አሽቶ አስሮላታል፣ አጥንቷ ተርፏል፤ ለማጣሪያው ግን አትደርስም። «ወንድሜ ይከፋዋል» ብላ እንዳልነግርህ ለምናኝ ነበር። ይክፋህ።

በዚህ ቢያበቃ ዝም እል ይሆናል። ባለፈው ሰሞን እማማ መስኡዳ አረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው። ቤታቸው ከድሮው መንደር ነው፤ ስትሮጥ ውኃ ይዘው የሚቆሙልህ እሳቸው ነበሩ። መቃብሩ ደግሞ ወዲህ፣ በከተማው በኩል ነው። የቅሬው ዕድርተኛ እየተፈራረቀ ቃሬዛውን ተሸክሞ መጣ መጣና አጥርህ ዘንድ ደረሰ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ጀናዛ በትከሻዬ ይዤ ከገዛ ልጄ አጥር ፊት ተገተርኩ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የቅሬው ዳኛ ሼህ አብዱልጀባር አንድ ጊዜ አዩኝና «በማሳው በኩል» አሉ፣ በቃ። በታረሰ መሬት፣ በነሐሴ ጭቃ፣ እስከ ጉልበታችን እየሰመጥን ዞርን። አንዱን አንሸራቶት ቃሬዛው ሲያዘነብል የተሰማኝን ሐፍረት ለጠላቴም አልመኝም። ቃሬዛ ያለፈበት መንገድ እንደማይዘጋ ለእኛ አገር ሰው የሚነገረው የለም። አያትህም በዚያው ነው የሄዱት፤ ከኋላቸው እያለቀስክ የተከተልከው አንተ ነህ።

ከቀብር መልስ ቅሬው ተቀመጠ። «ዘይኑ፣ አብሽር» አሉኝ ሼህ አብዱልጀባር። «አንተን ጠልተን አይደለም። ግና መንገዱ ኸዚህ ጁምዓ በፊት ካልተከፈተ እኛም ኸደጅህ አንቆምም። ሠርግህም ሐዘንህም የብቻህ ነው።» ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል? እናትህ ወይም እኔ ብንሞት የሚቆፍር፣ የሚሸከም የለም ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጀናዛ ተሸክሜ የራሴን ተሸካሚ ላጣ ነው።

ላፈርሰው ነው ብዬ ደወልኩልህ። ያን ቀን ኔትወርኩ ጥርት ብሎ ነበር። «አጥሩን ከነኩት ልጅ አለኝ አይበሉ» አልከኝ። ደግሞም «ሩጫ ለማን ምን ጠቀመ? እኔ ሮጬ ምን አገኘሁ?» አልክ። ነገሩ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ሩጫህን ትተህ በበረሃና በባሕር የሄድከው ለእኛ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። የቤታችን ክዳን ያንተ ላብ ነው፣ የእናትህም ዓይን የበራው ባንተ ነው፤ ብክድ አላህ ይጠይቀኝ። ግን አንተ ሳትጨርሰው የቀረኸውን መንገድ እህትህም እንዳትጨርሰው ብሎ መዝጋት ምን ይባላል? ሩጫህን የነጠቀህ ድህነት ነው። ሀኒያ አይደለችም፣ እኔም አይደለሁም፣ እማማ መስኡዳም አይደሉም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ማለዳ ተነሥቼ አጥሩን ነቀልኩት። ብቻዬን ልሠራው አስቤ ነበር፤ ደሳለኝ ተማሪዎቹን ይዞ ደረሰ፣ እናትህም ሐኪሙ እንዳታጎነብስ ያላትን ወዲያ ብላ ምስማር ስትለቅም ዋለች። ማህዲ እንኳ አንገቱን ደፍቶ መጣና እንጨቱን ነቀለ። ቆርቆሮህን ከቤት ጥግ ደርድሬዋለሁ፤ ከመንገዱ ወዲህ ሰፊ ቦታ አለልህ፣ ከፈለግህ እዚያ ሥራ። በተከፈተው መንገድ መጀመሪያ ያለፈችው ሀኒያ ናት፣ በምርኩዝ እያነከሰች።

ከሰዓት በኋላ ሼህ አብዱልጀባር ሊያዩ መጡ። መንገዱን ከላይ እስከ ታች ሄዱበትና «ያንተ ነገር አለቀ» አሉኝ። «የልጁን ስም ግን ጀማው ኸቅሬው ይፋቅ ብሏል። መንገዱን የዘጋ እሱ ነው። ለቀብር አይቆም፣ ቃሬዛ አይሸከም፤ ምን ያደርግልናል?»

«አይፋቅም» አልኳቸው።

«ልጅህ አይደለሁም አለ የሚባለውስ?»

«እሱ ያለው ለእኔ ነው፣ ለቅሬው አይደለም። እስኪመጣ ተራውን እኔ እሸከምለታለሁ።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

«በዚህ ዕድሜዬ» አልኳቸው። «ይሁን» ብለው ተስማሙ።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሲሞት ሁለት ጊዜ ነው የምሸከመው፤ አንዱን ስለ ራሴ፣ አንዱን ስላንተ። ይኼን የምጽፍልህ እንድታመሰግነኝ አይደለም፤ አሁንም ተናድጄብሃለሁ፣ ቶሎ የሚበርድልኝም አይመስለኝም። እናትህ መርቅልኝ ብላ አጠገቤ ተቀምጣለችና አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ የእጅህን ሥራ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ያድርግልህ። ሀኒያም ሰላም ብላሃለች።

ልጅ አለኝ አይበሉ ብለኸኛል። በዚህ ነገር አልታዘዝህም። ብቻ ትከሻዬ ሳይከዳኝ ና።

አባትህ
ዘይኑልአቢዲን