ኮኮናት አውራጁ ሎናፓን ኡሴፍ የማን ሠራተኛ ነበሩ?

እ.ኤ.አ. በ1988፣ በዝናቡ ወር በሁለተኛው እሑድ፣ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ የመንደሩ ባለመሬት ኩሪያፓን ዛሬ አስከሬናቸው ባረፈባት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቶ ሎናፓን ኡሴፍን፣ «ለሠላሳ ቤት ኮኮናት የምታወርድ ሰው የማን ሠራተኛ ነህ? የሁሉም የሆነ የማንም አይደለም። ካሳ ካማረህ ዛፉን ክሰስ!» አላቸው። የሳቁት ሰዎች ይታወቃሉ፤ አንዳንዶቹም ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።

አቶ ሎናፓን ከአባታቸው ከኡሴፍና ከእናታቸው ከሮሳ በ1955 በትሪሹር ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። አራተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው ስለሞቱ ትምህርታቸውን ትተው ዛፍ መውጣት ጀመሩ። በ1979 ወይዘሮ ትሬሲያን አግብተው ጆኒንና ኤልሲን ወለዱ።

ስድቡ የመጣው ዝናብ ካራሰው ከኩሪያፓን ዛፍ ወድቀው ወገባቸው ተሰብሮ፣ በምርኩዝ ሄደው ካሳ በጠየቁ ሰሞን ነው። ታናሽ ወንድማቸው ራፓይ በሸክላ ፋብሪካ ጣቱ ሲቆረጥ፣ ቋሚ ሠራተኛ ነውና ካሳ ተቀብሏል። የኮኮናት ጠላ ከዛፍ የሚቀዳው ጎረቤታቸውም ሲወድቅ፣ የተመዘገበ ሠራተኛ ነበርና ካሳ አግኝቷል። ያው ዛፍ፣ ያው አወዳደቅ! በየቤቱ አንዳንድ ቀን ለሚሠራ ሰው ግን ሕጉ ቦታ የለውም ተባለ። ለጣት ካሳ ያለው አገር ለወገብ አጣ።

አቶ ሎናፓን በምርኩዝ ሲነሡ ያዘኑት ለራሳቸው አልነበረም። አውራጆቹን አንድ በአንድ አሳመኑ፤ ዛፍ ላይ ያለ ሰው የዚያ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ቢወድቅ ባለቤቱ ይጠየቃል ብሎ በሰው ፊት ላልተናገረ ባለዛፍ ማንም እንዳይወጣ ተማማሉ። ወይዘሮ ትሬሲያም፣ «የእኔ ሰውዬ ወገቡ ነው እንጂ የተሰበረው አፉ ደህና ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። የደረቀው ኮኮናት በየጣሪያው ላይ ሲወርድ፣ ባለቤቶቹ ተራ በተራ እሺ አሉ። እምቢ ያለው ኩሪያፓን ብቻ ነበር።

አቶ ሎናፓን ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ ማቆሚያው ሻይ ቤት ከፍተው፣ የተጠበሰ ሙዝ እየሸጡና ከአላፊ አግዳሚው ጋር እየተጫወቱ ደስ ብሏቸው ኖሩ። በሳንባ ሕመም ተኝተው እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2022 አረፉ። ማን እንደጠየቃቸው፣ ማን በደጃፋቸው እንዳለፈ ይህን የሚያነበው ወንድማቸው አልረሳም። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። እግዚአብሔር ምርኩዝ በማያስፈልግበት ቤቱ ያሳርፋቸው።

አፈር ሳይለብሱ ግን ይህም ይነገር። በ1991 ኩሪያፓን ልጁን ሲድር፣ ድንኳኑ የተተከለው ሊወድቅ የደረሰ ኮኮናት ከተንዠረገገባቸው ዛፎች ሥር ነበር። የሚወጣ ሰው ጠፋ። ሙሽራው ሊደርስ ሲል ኩሪያፓን ላቡን እየጠረገ መጣ።

«ሎናፓን ቼታ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ሰው ልቀቅልኝ! አማቼን ኮኮናት ይፈንክተው?»

«እኔ ምን ቸገረኝ፤ እንግዶችህ እየሰሙ ተናገርና ይወጡልሃል» አሉት።

ኩሪያፓን በድንኳኑ መካከል ቆሞ፣ «ዛፌ ላይ ያለ ሰው የእኔ ሠራተኛ ነው! ቢወድቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። አውራጆቹ ወዲያው ወጡ። ኩሪያፓን ግን እፍረቱ አላስቀምጥ ብሎት፣ «አንተ ምን አተረፍህ? አንተ የወደቅኸው ድሮ ነው፤ ቤሳ አታገኝበትም!» አላቸው።

አቶ ሎናፓን ቀና ብለው ዛፍ ላይ ያሉትን አዩ፤ ፈገግ አሉ፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ።