የሀሴት ዜሮ

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018

ውርጭ ጥሏል። ጠዋት እጄ ጠመኔ አልይዝ ብሎኝ ነበር። ዲክሲስ ስኖር ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ብርዱን ግን እስካሁን አልለመድኩትም።

ሦስተኛ ክፍል፣ የአማርኛው ክፍል፣ ስልሳ አንድ ልጅ። ሰባቱ ቀርተዋል... የስንዴ አጨዳ ነው፣ ምን ይደረግ? የቃል ጽሕፈት ሰጠሁ። ሀሴት እንደተለመደው አሥር ከአሥር። አጠገቧ የምትቀመጠው ማሂም አሥር። ሁለቱ አይለያዩም። ሀሴት ዝምተኛ ናት፣ ካልጠየቋት አትናገርም። ሁሉም እንደሷ በሆኑ እላለሁ አንዳንዴ።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ አሰፋች በእረፍት ሰዓት ሰበሰቡን። ረቡዕ ከአሰላ በታብሌት የሚፈትን ሰው ይመጣል። ንባብና ሒሳብ። "የልጆቹ ውጤት የአስተማሪውም ውጤት ነው። ዝውውር የጠየቃችሁ አስቡበት" አሉና እኔን አዩኝ። ባለቤቴ መክሊት አሰላ ክሊኒክ ነርስ ናት፣ እኔ እዚህ። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን፤ አብረን የኖርነው ግን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

አልፈራሁም። ልጆቼን አውቃቸዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ፈታኙ መጣ። ሚፍታ ይባላል፣ ገና ወጣት ነው። አሥር ታብሌትና አሥር ማዳመጫ በካርቶን ይዞ ከሚኒባስ ወረደ።

ዛሬ ልምምድ ነበር። አንዱ ልጅ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ መጽሐፍ እንደሚገልጥ አደረገው። ሳቅን። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ ለብቻው ይቀመጣል፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ይደረጋል። ድምፁ "ማ የሚለውን ፊደል ንካ" ሲል ከአራቱ አንዱን ይነካል። ቁጥሩም እንደዚያው። ተከታትሎ አምስት ከሳተ ፈተናው ራሱ ይቆማል። መጨረሻ ላይ ቀለም ይወጣል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

"ቀይ ምን ማለት ነው?" አልኩት።

"ፊደልም ቁጥርም ያልለየ።"

ሀሴት አልመጣችም። ለአጨዳ አስቀርተዋት ይሆናል። ለሷ ልምምድ ምን ያደርግላታል ብዬ ዝም አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሀሴት ቀይ። ዜሮ። በንባብም በሒሳብም ዜሮ።

ስሙ ተሳስቶ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አየሁት። ራሷ ናት። ስትወጣ "ምነው? ምን ሆንሽ?" አልኳት። ፈገግ አለች። ሁልጊዜ ፈገግ ነው የምትለው።

ሚፍታ ላይ ጮህኩ። "ይቺ ልጅ ከክፍሉ አንደኛ ናት! ታብሌትህ ተበላሽቷል!"

"ከሷ በፊትም ከሷ በኋላም በዚያው ታብሌት ተፈትነዋል መምህር። ልጆቹ አልፈዋል። ማሽን ደግሞ ለማንም አያዳላም።"

አያዳላም... እኔስ አዳላሁ ማለቱ ነው?

አርብ፣ ኅዳር 5

ከኔ ክፍል አሥራ ሦስት ቀይ። ወይዘሮ አሰፋች ቢሮ ተጠራሁ። ቀይ የወጡት ከታኅሣሥ ጀምሮ አንደኛ ክፍል ወርደው ይማራሉ። ዝርዝሩ ማክሰኞ ተፈርሞ ይላካል።

አሥራ ሁለቱን አልተከራከርኩም። ደካሞች ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ። ሀሴትን ግን...

ከሰዓት ያደረግኩትን ልጻፈው፤ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ሚፍታን ለብቻው ይዤ "ድጋሚ ትፈተን፣ ማሂ ገብታ በስሟ ብትነካላት ማን ያውቃል?" አልኩት። አስተማሪ ሆኜ ከአፌ ወጣ።

"እንዳልሰማሁ ልቁጠረው" አለ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ለሀሴት ብዬ ነው? ወይስ ለዝውውሬ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አሰላ አልሄድኩም። ወደ ሀሴት እናት ወደ ፋናዬ ሄድኩ። አውድማው ላይ ገለባ እየከመረች ነበር። ወሬው ቀድሞኛል።

"አሥር ከአሥር እያሉ የላኩት እርስዎ አይደሉም እንዴ መምህር?" ደብተሩን አምጥታ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩትን አሳየችኝ። ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ እጅግ በጣም ጎበዝ። "አሁን ፊደል አልለየችም ይሉኛል። የቱን ልመን?"

"ፈተናው ተሳስቶ ነው።"

"አንደኛ ክፍል ከምትመለስማ ይቅርባት። ኢተያ ያለችው እህቴ ልጅ የሚይዝላት ትፈልጋለች። እልካታለሁ።"

ለመንኳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው እኮ... "እስከ ማክሰኞ" አለችኝ በመጨረሻ።

ስወጣ ሀሴት ጀርባዋን ሰጥታ እህል ታበጥር ነበር። እናቷ ሦስት ጊዜ ጠራቻት። አልዞረችም። እናቷ ጓል አንስታ እግሯ ሥር ወረወረች፤ ያኔ ዞረች። "ይኸው! ግትር ናት። ሲላት ትሰማለች፣ ሲላት አትሰማም" አለች ፋናዬ። ሳቅኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

በምን ልጀምር? በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሐሳቤ ለሚፍታ ማስረጃ ማቅረብ ነበር። ኮርጃ ነው እንዳይባል ሀሴትን ከማሂ ነጥዬ ኋላ ለብቻዋ አስቀመጥኳት። አሥር ቃል ሰጠሁ፤ እንደ ልማዴ በዴስኮቹ መሀል እየተመላለስኩ። ደብተሯን አየሁ። ሦስት ቃል ብቻ። የቀረው ባዶ መስመር።

ከሦስቱ አንዱ "ምርድ" ይላል። እኔ ያልኩት "ብርድ" ነው። ምርድ ምንድን ነው? ለራሴ ደጋግሜ አልኩት... ብ... ም... ከንፈሬ በሁለቱም እኩል ይገጥማል።

ሦስቱንም ቃላት የተናገርኩት ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ሁለቱን አስቀረሁ። ሀሴት ሰሌዳ ላይ ድምር እንድትሠራ ጻፍኩላትና ከኋላዋ ቆምኩ። "ሀሴት።" ምንም። ጮክ ብዬ ጠራኋት። ምንም። ዴስኩን በዳስተር ደበደብኩት። ማሂ ዘላ ተነሳች። ሀሴት ጠመኔዋን እንደያዘች ትደምራለች። ስምንት ጥያቄ ነበር፣ ስምንቱንም አግኝታለች።

ማሂ ማልቀስ ጀመረች። "እኔ ነኝ የምነግራት ቲቸር... አይምቱኝ።"

"ምን ብለሽ?"

"እርስዎ ያሉትን። በአፌ፣ ያለ ድምፅ። ካልገባት በጣቴ ዴስኩ ላይ እጽፍላታለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአንደኛ ክፍል።"

መጽሐፍ ሰጠኋት፣ ሀሴት አነበበች። ቀስ ብላ፣ በዚያች ከአፍንጫ በምትወጣ ድምፅ... ዓይን አፋርነት ነው ስል የነበረው። ታነባለች። ትደምራለች። አትሰማም።

ዓመት ከሁለት ወር አስተምሬያታለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ያወቀችውን እኔ አላወቅኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

መጀመሪያ ሚፍታ ዘንድ ሄድኩ። ነገርኩት። ታብሌቱን ከፈተና የሷን መልሶች አወጣ። አሥር መስመር፤ አምስቱ ከንባብ፣ አምስቱ ከሒሳብ። አንዱም ላይ "ስህተት" አይልም። ሁሉም ላይ "ምላሽ የለም" ነው የሚለው።

"ምላሽ ከሌለ ማሽኑ እንደ ስህተት ነው የሚቆጥረው" አለ። ድምፁ ወረደ። "እኔም ይሄን ሐሙስ ዕለት አይቼዋለሁ። አልነካችም፣ ፈርታ ነው አልኩና አለፍኩት። ሠላሳ ልጅ ተሰልፎ እየጠበቀኝ ነበር..."

ሁለታችንም አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ሁለት ደብዳቤ ጻፍን። እሱ የራሱን፣ እኔ የራሴን።

የኔን ወይዘሮ አሰፋች አነበቡት። "‘የመስማት ችግር እንዳለባት ሳላውቅ ውጤት ስሞላ ቆይቻለሁ’... ይሄን በፊርማህ ትልካለህ?"

"አዎ።"

"መምህር ባንተአምላክ፣ ልጅቷን ብቻ ከዝርዝሩ ማውጣት ይቻላል። ታማ ነበር እንላለን። ይሄ ግን ማኅደርህ ውስጥ ይገባል። የዝውውሩ ኮሚቴ ደግሞ ይኸው መጣ።"

ታማ ነበር ከተባለ በሚቀጥለው ዓመት ያው ማዳመጫ ይጠብቃታል። ይሄን አልኳቸው። አልኩ ወይስ አሰብኩ ብቻ? አላስታውስም። ፈርሜ ወጣሁ።

ለመክሊት ደወልኩ። ስለ ዝውውሩ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀችም። "ጆሮዋ ይመግላል? ሐሙስ የጆሮ ሐኪም አለ። ይዘሃቸው ና።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አሰላ። ከፋናዬና ከሀሴት ጋር በሚኒባስ ሄድን። ሀሴት በመስኮቱ ኮምባይነሮቹን ስታይ ሄደች።

ግራው ጆሮ ታምቡሩ ተበስቷል፤ ሕፃን ሳለች የጀመረ ነው አሉ። ቀኙ በቆሻሻና በመግል ተደፍኗል። ጠረጉላት። ጠብታና ኪኒን አዘዙ። የቀኙ ሊሻል ይችላል። የግራው... ቀስ ብሎ ይታያል።

"ሕፃን ሳለች ይመግል ነበር" አለች ፋናዬ። "ቅቤ ጠብ አደረግንበትና ተወው። ዳነ ብዬ..." ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ግትር ናት እያልኩ መትቻታለሁ።"

እኔም ጨዋ ናት እያልኩ አሥር ከአሥር ሰጥቻታለሁ።

"ኢተያ አትሄድም" አለች ስንመለስ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

የዝውውር ስም ዝርዝር ተለጠፈ። የለሁበትም።

አርብ፣ ኅዳር 26

ለመክሊት ትናንት በስልክ ነገርኳት። ዛሬ ደውላ "ዓመት ነው፣ ያልፋል" አለችኝ። ስታለቅስ እንደነበር ድምፅዋ ያስታውቃል። ደብዳቤውን ባልልከው ኖሮ... አልጨርሰውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

አሥራ ሁለቱን ሳምንቱን ሙሉ አንድ በአንድ አስቀምጬ አየኋቸው። በወረቀት፣ ፊት ለፊት፣ ሳልቸኩል። ዘጠኙ በእርግጥም ፊደል አልለዩም። አንዱ ሰሌዳውን ካልተጠጋ አያየውም። ዙቤዳ ቁጥሩን ሁሉ ታውቃለች፤ የምታውቀው ግን በኦሮምኛ ነው፣ አማርኛ ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ። የቀረው አንዱ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ገና ነኝ።

ወይዘሮ አሰፋች ወረቀቶቹን ተቀበሉኝ። አልተቆጡም። "የሌሎቹም ክፍሎች እንዲሁ ይታዩ" አሉ። የሚወርዱት ልጆች ጉዳይ እስኪጣራ ቆሟል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ሚፍታ ዛሬ ተመልሶ መጣ። ለሀሴት ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅቶላታል፣ ማዳመጫ የለም። ንባብ አረንጓዴ፣ ሒሳብ ቢጫ። ማባዛት ላይ ወድቃለች። እኔ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ያስተማርኩት ነው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። እንደ ገና አስተምራታለሁ።

ቀኝ ጆሮዋ ትንሽ ተሽሎታል። ከፊት ዴስክ በስተግራ ናት አሁን፣ ቀኙ ወደኔ እንዲሆን። ማሂም አብራት። ስናገር አንድ ቦታ እቆማለሁ። ከባድ ነው፣ እግሬ መሄድ ይወዳል።

ከሰዓት የቃል ጽሕፈት ነበር። አራተኛው ቃል ላይ ሳላስበው ወደ መስኮቱ ዞሬ ተናገርኩ። ማሂ በአፏ ልትነግራት ስትል ሀሴት ክንዷን ያዘቻትና እጇን አወጣች። ስልሳ ልጅ እያየ፣ ጮክ ብላ፦

"ቲቸር፣ አልሰማሁም።"

ዞሬ ደገምኩላት።