ከቆርቆሮ ቤቴ የጠፋው ቤንዚን

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሽ አጵሎስ፤

የጌታ ሰላም ካንተና ከቤትህ ጋር ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብለህ ነው የምትሰብከው? እማዬ እንዴት ናት፣ ዓይኗስ? ዝናቡስ፣ እንሰቱስ፣ ጊደሯስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። በሕይወት ነው ያልኩህ፣ በሰላም አላልኩም።

ደብዳቤውን የሰጠሁት ለዱባለ ነው፣ ያ ከዱራሜ ሰበታ ጭነት የሚያመላልሰው ሹፌር። ኢንተርኔቱ ተዘግቷል፣ በስልኩ ደግሞ ማን እንደሚሰማን አላውቅም። ፖስታውን በቀለጠ ጥቁር ፕላስቲክ አሽጌ፣ ሳይደርቅ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ። የጣቴ ምልክት ከሌለበት ዱባለን አፋጥጠህ ጠይቀው። ዱባለ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ዘንድሮ ጥሩ ሰውም ኪሱ ይፈተሻል።

ሥራዬ ያው የመኪና ፕላስቲክ ነው፤ የስፖኪዮ ቤት፣ የፍሬቻ ክዳን፣ የበር እጀታ። ኦርጅናሉ ዋጋው አይቀመስም፣ ስለዚህ ሹፌሩ ስብርባሪውን በፌስታል ቋጥሮ ወደኔ ይመጣል። እሱን ገጣጥሜ በጄሶ ቅርጹን አወጣለሁ፣ አሮጌ ጀሪካንና የቢራ ሳጥን አቅልጬ እሞላለሁ፣ ሲቀዘቅዝ በሞረድ አስተካክላለሁ። ስንጥቅ የምደፍንበት ማስቲሽ ደግሞ የራሴ ፈጠራ ነው። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ያለውን ነጭ ፎም ቤንዚን ውስጥ ትነክረዋለህ፣ እንደ አጥሚት ይሆናል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ኢንጂነር ነን የሚሉት መጥተው አይተው ራሳቸውን ነቅንቀው ነው የሄዱት።

ይኸው ብልሃቴ ነው ጠላት ያፈራልኝ። ይህ የማስተር ፕላን ጣጣ ከመጣ ወዲህ መንገድ በተዘጋ፣ ድንጋይ በተወረወረ ቁጥር የሚኒባሱ መብራትና ስፖኪዮ ይረግፋል፣ በማግስቱ ደጄ ላይ ሰልፍ ነው። ሰው ምን ማለት ጀመረ መሰለህ? «ገበያ እንዲደራለት ድንጋዩን የሚያስወረውረው እሱ ነው!» ወያላው ሁሉ «ባለ ድንጋዩ፣ ዛሬስ ስንት ስፖኪዮ አስመታህ?» እያለ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም። ዛሬ በቀልድ የተወራ ነገ ጣቢያ ውስጥ ቃል ሆኖ ይጻፋል።

የሰበታ ፋብሪካዎች ከተቃጠሉ በኋላ ቤንዚን በጀሪካን መያዝ ያሳስራል ተባለ። እኔ ግማሽ ጀሪካን ነበረኝ። ልደፋው አስቤ ነበር፤ ግን ያለ ቤንዚን ማስቲሽ የለም፣ ያለ ማስቲሽ እንጀራ የለም። ከጄሶው ከረጢት ኋላ ደበቅሁት። እሁድ ከጸሎት ስመለስ ጀሪካኑ የለም! ቁልፉ አልተሰበረም። ከኔ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ቤቱን ያከራዩኝ ገበሬ፣ ኦቦ ቦጂያ።

ኦቦ ቦጂያ እርሻህ ይወሰዳል ሲባሉ ዓመት ሙሉ የተብሰለሰሉ ሰው ናቸው። ድሮ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ ልጄ» ሳይሉኝ አያልፉም ነበር። ከእሳቱ ወዲህ ሰላምታው ቀረ። ደጄ ላይ ቆመው አየሩን አሽትተው ይሄዳሉ። እኔም ነገሩን ደመርኩት። ወይ ቤንዚኑን ለጎረምሶቹ ሰጥተው ጣታቸውን ወደዚህ የደቡብ ሰውዬ ሊቀስሩ ነው፣ ወይ ለፖሊስ ሊያስረክቡ ነው። በሁለቱም የምታሰረው እኔ ነኝ።

ዝም ማለት አልችልም፣ ታውቀኛለህ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ በተሰለፈ ሰው ፊት፣ «ሌባ! ንብረቴን ሰርቀህ እኔኑ ልታስበላኝ?» አልኳቸው። አንተ ብዬ፣ ጋሼ! ስልሳ ያለፋቸውን ሰው። እሳቸው ዱቄታቸውን ተሸክመው ሄዱ። ጠላ ሻጯ ገለቴ ብቻ «ይሄ አፍህ አንድ ቀን ጥርስህን ያስለቅምሃል» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ፈታሾች መጡ፣ ስድስት ሆነው። ጄሶዬን በተኑ፣ ከረጢቱን ገለበጡ፣ ማቅለጫ ድስቴን ሳይቀር አሸተቱ። ምንም የለም። ከጎኔ ያለው ጎሚስታው ኢቲቻ ግን ጀሪካን ተገኘበትና ጭነው ወሰዱት፤ እስከ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም።

እነሱ እንደወጡ የኦቦ ቦጂያ ሚስት አዴ ተረፈች መጡ። «ቤንዚንህን እሁድ ቦይ ውስጥ የደፋው እሱ ነው። ጀሪካኑን አጥቤዋለሁ፣ ከፈለግህ ውሰድ» አሉኝ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ብላቸው፣ «አንተን? ለአንተ መንገር ለሰበታ መንገር ነው» አሉኝ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን አልዋሽህም፣ ልቤ አሁንም አላረፈም። ፍተሻ እንደሚመጣ እሁድ ላይ ማን ነገራቸው? በዚህ ዘመን ሰው ለተከራይ ብሎ እጁን ቤንዚን ውስጥ ይከታል?

ዋናው ጉዳዬ ይሄ ነው። ኦቦ ቦጂያ አልከሰሱኝም፣ ውጣልኝም አላሉኝም፤ ሽማግሌ ላኩብኝ። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ዛፍ ሥር እቀርባለሁ። በሰው ፊት የተሳደብኩትን በሰው ፊት እንድመልስ ነው። ደንቡ ከኔም ወገን ሰው ይቀመጥ ይላል። አሁን ችግሩን እይልኝ። «ሌባ አይደሉም» ለማለት ቤንዚኑ የኔ ነበር ማለት አለብኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ ዱቤ የሚባለው ሰውዬ ነው፣ ከቀበሌ የማይጠፋ፣ ደብተሩ ከብብቱ የማይወጣ። ከተናገርኩ እንደ ኢቲቻ እጫናለሁ። ዝም ካልኩ ኦቦ ቦጂያ በአገራቸው ሌባ ተብለው ይቀራሉ። ምናልባት ሽምግልናው ራሱ እኔን ማናዘዣ ቢሆንስ?

ሦስት ቀን አወጣሁ፣ አወረድኩ። እናገራለሁ፣ ጋሼ። «ቤንዚኑ የኔ ነው፣ ለማስቲሽ ነው፣ እርስዎ ሌባ አይደሉም» እላለሁ፣ ዱቤ ይጻፈው። አንተ ግን በቡታጅራ በኩል ድረስልኝ፣ መታወቂያህን እንዳትረሳ፣ መንገድ ላይ ከማንም ጋር ወሬ እንዳትገጥም። ወንድሜ ካልደረሰ ብቻዬን ነኝ ብላቸው አዴ ተረፈች ምን አሉኝ? «እኔ ባንተ በኩል እቀመጣለሁ።» ከገዛ ባላቸው ትይዩ! ምን አስበው እንደሆነ ብፈልግ፣ ብፈልግ አንድም ክፉ ነገር አጣሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ የፍተሻውን ነገር ግን እንዳትነግራት። ሜሪንና ልጆቹን፣ አክስቴ አጸደን፣ መዘምራኑን ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ ቅዳሜን ይጸልዩልኝ።

ምናልባት ከዛፉ ሥር ካልተመለስኩ ብዬ፣ የአራት ዓመት ልፋቴን፣ የጄሶ ቅርጾቼን በሙሉ ዛሬ ጠዋት አዴ ተረፈች ቤት አስገባሁ። የኔንም ቁልፍ ሰጠኋቸው።

ታናሽ ወንድምህ አዶናይ
ሰበታ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2009 ዓ.ም.