እንዳይታጠፍ የተባለው ካርታ

ሸዋ ሮቢት
መጋቢት 1996 ዓ.ም.

ውድ ፍፁም፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ሰው የሚያተርፍ አይመስልም። እማዬም ደህና ናት፤ ትንሽ ተቀይማሃለች፤ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። ስልክ ብደውልልህ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ቴሌ ገብቼ ስናገር ወረፋ የያዘው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ይሄ ደግሞ ለሰው ጆሮ የሚሆን ነገር አይደለም።

የላክኸው ጨዋታ ደርሶኛል። ውስጡ ያስቀመጥካትን ብጣሽ ወረቀትም አንብቤያለሁ። «ናርዶስ፣ ይህ የጠፈር ጦርነት ነው፤ በካርታ የሚጫወቱት። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር እንጫወተዋለን። ሞክሪውና ይስማማሽ እንደሆነ ጻፊልኝ። ካልተስማማሽ ለሌላ ሰው ስጪው።» በቃ። ከሄድክ ሁለተኛ ክረምት ሊገባ ነው፤ ደብዛህ ጠፍቶ ከርሞ የመጣው ቃል ይኸው ነው። ጫማ ነው እንዴ ፍፁም? ለክቼ ጠበበኝ፣ ሰፋኝ ልበልህ?

መጀመሪያ ግን እንዴት እንደደረሰኝ ስማ፤ ያደረግኸውን አታውቅማ። ካርቶኑ ላይ «ካርታ ነው፤ እንዳይታጠፍ» ብለህ ጽፈሃል። ጠመኔ የለመደ እጅህ ደግሞ ትልልቁን ነው የሚጽፈው፤ ከመንገድ ማዶ ይነበባል። የአውቶቡሱ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መናኸሪያው በሙሉ እየሰማ፣ «ናርዶስ! ከአስተማሪ ፍፁም የቦታ ካርታ ተልኮልሻል!» ብሎ ጮኸ። «የቦታ» የምትለዋን የጨመራት እሱ ነው። ምን ያድርግ? እዚህ አገር እንዳይታጠፍ የሚባል ካርታ የቤት ካርታ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? አንተ ደግሞ ከመሄድህ በፊት ከመምህራኑ ጋር የማኅበር ቦታ መመዝገብህን የማያውቅ የለም። ማዘጋጃ ቤቱ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ካርታው ከአዲስ አበባ እንዴት ይመጣል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከመናኸሪያ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ። ያንን ካርቶን አቅፌ ስሄድ ቤት ሠራሁ። በረንዳውን ወደ ወንዙ አዞርኩት፤ ደጁ ላይ ማንጎ ተከልኩ፤ ለመጽሐፎችህ መደርደሪያ አሠራሁ፤ አልፎም አንተ ስታነብ መብራት አጥፋ ብዬ ተጨቃጨቅሁህ። አመንኩ፣ ፍፁም። ልቤ እስኪጠፋ ደስ አለኝ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተ ግን ካልነገርኩህ ለማን ልነግር ነው?

ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ እማዬ በር ላይ ቆማ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። ጎረቤት ተሰብስቧል። «ክፈቺዋ!» ሲሉኝ ከፈትኩት። ጥቁር በጥቁር የሆነ ወረቀት፣ ኮከብ፣ ጭስ የሚተፋ መርከብ። እማዬ አንዱን አነሳችና ገለበጠችው፤ ማኅተም ነበር የምትፈልገው።

«ይሄ ምንድነው?» አለችኝ።

«የጠፈር ነው፣ እማዬ።»

«የየት ሰፈር?»

ጆሮዋ እንደሚከብዳት ታውቃለህ። «ሰፈር አይደለም፤ ጠፈር! ሰማይ፣ ሰማይ!» አልኳት።

«ቦታውን ሰማይ ላይ ነው እንዴ የሰጡት?»

ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ዕቃ የማነሳ መስዬ ጓሮ ተከራይተሃት የነበረችው ክፍል ገባሁና አለቀስኩ። እማዬ አልሳቀችም። «በእልልታዬ ቀለደ» ነው የምትለው እስከዛሬ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ይሄ ሰው ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አለችኝ።  ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም መልሱን ካንተ ለመስማት ነው።

ሮቢት ደግሞ እንኳን ደስ ያለሽ ከጀመረች መቼ ታቆማለች? አሸዋ የሚያመላልሰው ጋሼ ንጉሤ መኪናውን ሱቄ ደጃፍ አቁሞ፣ «አደራ ናርዶስ፣ አሸዋ ከሌላ ሰው ብትወስጂ እቀየምሻለሁ!» አለኝ። እሺ ጋሼ አልኩት። ምን ልበለው? ቤቱ የሚሠራው ከጨረቃ ማዶ ነው ልበለው?

እና ጨዋታውን ሞከርኩት። ቀትር ላይ እዚህ ምን እንደሚመስል አትረሳውም፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ደብተርና እስክሪብቶ ሊገዛ ብቅ የሚል ፍጡር የለም። ያን ጊዜ ነው ባንኮኒው ላይ የምዘረጋው። የገባኝን ልንገርህ፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ፣ አስተማሪ አይደለህ? ቀይና ሰማያዊ ወገን አለ። ሁለቱም የየራሳቸው ፀሐይ አላቸው፤ መሐል ላይ ባለቤት የሌላቸው ዓለማት ይደረደራሉ። ተራህ ሲደርስ ወይ መርከብ ትልካለህ፣ ወይ ቤትህ ቁጭ ብለህ ጉልበት ታጠራቅማለህ፤ ሁለቱን ባንድ ላይ አይቻልም። መርከቡን የምትልከው ካርታውን ደፍተህ ነው፤ ባዶ ይሁን የታጠቀ፣ ሌላው እስኪገለጥ ድረስ አያውቅም።

ሌላው ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ጎረቤቴን መሊካን ለመንኳት፤ ያቺን ሽርጥና ሻሽ የምትሸጠውን፣ ታስታውሳታለህ። ካርታውን ስታይ እጇን ሰበሰበች።

«ቁማር ነው እንዴ? በአላህ ናርዶስ፣ ሐራም ነገር ሱቅሽ አታስገቢ።»

«ብር የለበትም።»

«ወላሂ በይ!»

«ማርያምን!»

ተቀመጠችልኝ። ሰማያዊውን ሰጠኋት። መዋጋት ግን እንቢ አለች። «ምን አድርገውኝ ነው የምወጋቸው? ይልቅ ይቺን መርከብ በዚያች ኮከብ ለውጪኝ» ትላለች። መለዋወጥ የለም ብላት፣ ሳይነጋገሩ የምን ጠብ ነው ብላ ተቆጣች። ከዚያ አንዲት ቀይ ዓለም ነበረች፤ ሰው የሌለባት፣ አቧራና ፀሐይ ብቻ፤ እሷን አንስታ፣ «ይሄማ የጀውሃ ከተማ ነው! ወላሂ በቀትር ጀውሃ ነው!» ብላ ሳቀች። ገበያተኛ መጣባትና ሄደች። ሌላ ቀን ስጠራት፣ «ራስ ምታት ነው፤ ለኔ አይሆንም» አለችኝ። እሷ እንኳን በአንድ ቀን ይስማማት አይስማማት ለየላት።

እኔ ግን ብቻዬን ቀጠልኩ። ቀዩን ስጫወት እኔ ነኝ፤ ሰማያዊውን ስጫወት አንተ ነህ፤ ከባንኮኒው ወዲህና ወዲያ እየዞርኩ። ሰው ቢያየኝ አበደች ነው የሚለኝ። ግን አይሆንም፣ ፍፁም። ደፍቼ የላክሁት መርከብ ባዶ መሆኑን ወዲያ ማዶ ስዞርም አውቀዋለሁ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ያንተን ካርታ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ፍፁም ቢሆን አሁን ምን ያደርጋል? ይልካል ወይስ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጉልበት ያጠራቅማል? አላወቅሁም። ጠዋት ሸሚዝህን ስትቆልፍ ከየትኛው ቁልፍ እንደምትጀምር የማውቅ ሴት ይሄን አላወቅሁም። ጨዋታው እዚያው ላይ ቆመ።

ብቸኝነቴ ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ። ሰው አጥቼ አይደለም፤ እናት አለችኝ፣ መሊካ አለችኝ፣ ቀኑን ሙሉ ደጄ ላይ መኪናው ሲጮህ ይውላል። ማዶ ተቀምጦ ተራዬን የሚጠብቀኝ ሰው ነው ያጣሁት። አንተ እዚህ ሳለህ ሌላው ቀርቶ የሽንኩርት ዋጋ ስነግርህ እንኳ እስክጨርስ ትጠብቀኝ ነበር። ከሄድክ ወዲህ ነገሬን ሁሉ ግማሽ ላይ ነው የምተወው።

ይስማማሻል ወይ ላልከኝ፣ ይስማማኛል። ጦርነቱን አልወደድኩትም፤ መጠበቁን ግን እችልበታለሁ፤ ማንም አይበልጠኝም። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ሕጉን በአማርኛ ገልብጠህ ልከህልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን እንዴት እንደሚያልቅ አልጻፍክም። ወረቀቱን አገላበጥኩ፣ ካርቶኑን አራገፍኩ፣ የለም። «አንዱ ወገን ካሸነፈ» ብለህ እዚያው ትተኸዋል። አይ ፍፁም! ስትሄድስ እንደዚሁ አይደል ያደረግኸኝ? አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ፣ አንድ እግርህ ደረጃው ላይ ሆኖ፣ «ናርዶስ፣ እንግዲህ እኔ...» አልክ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ አንተም ተሳፈርክ። ያንን ንግግር ስንቴ እንደጨረስኩልህ ብታውቅ። እንግዲህ እኔ እመለሳለሁ። እንግዲህ እኔን እርሺኝ። እንግዲህ እኔ ራበኝ። የትኛው ነው?

እንግዲህ እኔ ደግሞ ያደረግሁትን ልንገርህ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በዚያው ረዳት እጅ ሰማያዊውን በሙሉ ልኬልሃለሁ። ቀዩ እኔ ጋ ቀርቷል። አሁን አንተም ብቻህን አትጫወትም፣ እኔም ብቻዬን አልጫወትም። ካርቶኑ ላይ «ካርታ» አላልኩም፤ «መጫወቻ» ነው ያልኩት። ረዳቱ ቢጮህም የእማዬን እልልታ ሁለተኛ አያባክንብኝም።

ሰማያዊውን በሰው እጅ ከመለስከው ገብቶኛል፤ ምንም ወረቀት አትጨምርበት። ቀዩንም ደርቤ ለሚፈልግ ሰው እሰጣለሁ፤ እማዬንም አይመጣም እላታለሁ። ከመጣህ ግን ራስህ ይዘኸው ና። ጣርማ በርን እንደወረድክ ሙቀቱ ይቀበልሃል፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱን ታውቀዋለህ። ክፍልህ ተጠርጓል። የጠረገችው እማዬ ናት፣ ተቀይማህም ቢሆን።

ባዶ ይሁን የታጠቀ፣ ይዘኸው ና። በመንገድ ቢታጠፍም ግድ የለኝም።

ቀዩን የያዘችው
ናርዶስ