ውሃው እንዳይቆም፦ የመምህርት ሸዋገነት በድሉ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሸዋገነት ከአባታቸው ከአቶ በድሉ ሀብተየስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓለሚቱ ገመዳ በሐምሌ ወር 1956 ዓ.ም. በአሰብ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በወደቡ የክሬን ኦፕሬተር ነበሩ። እሁድ እሁድ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ሲወስዷቸው፣ ሸዋገነት ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ኮራል ሲያዩ ይውሉ እንደነበር እናታቸው ዛሬም ያወሳሉ። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ካለበት ስለማይንቀሳቀስ ምግቡንም አየሩንም የሚያመጣለት ወራጅ ውሃ ነው። ይህንን እኛ ቤተሰቦቻቸው የተማርነው ከእሳቸው ነው።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአሰብ አጠናቀው፣ በ1978 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመረቁ፤ ተመልሰውም በተወለዱበት ከተማ አስተማሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል ሲሰደዱ አባታቸው በመንገድ ላይ ታመው አረፉ። ሸዋገነት መቃብራቸውን እዚያው ትተው፣ እናታቸውን ይዘው ወደ እናታቸው አገር ጊንጪ መጡ።

በ1984 ዓ.ም. በጊንጪ ማስተማር ጀመሩ። በ1986 ዓ.ም. የካቺሲ ተወላጅ ከሆኑት ከነርስ ኦልጅራ ሙለታ ጋር በቃል ኪዳን ተጋብተው ናኦሚንና ሶፎንያስን ወለዱ። በ1999 ዓ.ም. አምቦ ወደሚገኝ ኮሌጅ ተዛውረው እስከ መጨረሻው በዚያ አገልግለዋል።

በ2002 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ በቤቱ ያሳድጋቸው የነበሩትን ኮራሎች ከነመስታወት ገንዳቸው ለኮሌጁ ሰጠ። መምህርት ሸዋገነት ከአሰብ ከወጡ ወዲህ ኮራል በዓይናቸው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ተቃጠለ፤ ኮሌጁም በምትኩ ለፏፏቴ የሚሆን ኃይለኛ ፓምፕ ገዛ። እሳቸውም ከምንም ይሻላል ብለው ከኮራሎቹ ፊት ለፊት ገጠሙት። ተሳስተው ነበር። በቀጥታ የመታው ውሃ የትልቁን ኮራል ሥጋ ገፈፈው፤ ከድንጋዮቹ ጀርባ ደግሞ ውሃው ሳይነቃነቅ ቀርቶ ቆሻሻ ተጠራቀመ። እሳቸውም በዚያ ሰሞን እህል አልዋጥ አላቸው።

በኋላ መካከለኛ ጉልበት ያላቸው ሁለት ፓምፖች አስመጡ። አንዱን በገንዳው ቀኝ፣ ሌላውን በግራ፣ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ አድርገው ገጠሟቸው። አፋቸውን ከኮራሎቹ መልሰው ወደ ፊተኛው መስታወት አዞሩት፤ ከሁለት ወገን የሚመጣው ውሃ መሃል ላይ ተገናኝቶ እየተሰበረ ሁሉንም ጥግ እንዲያዳርስ ነው። የዓሣ ምግብ ፍርፋሪ እየጣሉ የት እንደሚቆም ይከታተሉ ነበር። አቶ ኦልጅራ «ቤት የምትመጪው መቼ ነው?» ሲሏቸው «ፍርፋሪው መቆሙን ሲተው» ይሉ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. የልብ በር ጥበት እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሞች እንዳይሮጡና ከባድ ሥራ እንዳይሠሩ አስጠነቀቋቸው።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በከተማችን ሁከት በተነሣበት ቀን የኮራሎቹ ገንዳ ባለበት ቤተ ሙከራ ውስጥ እያስተማሩ ነበር። መብራት ጠፋ፤ ፓምፖቹም ቆሙ። ከአጥሩ ውጭ ጩኸት፣ ቀጥሎም ተኩስ ተሰማ። ተማሪዎቹ ወደ በሩ ሲጋፉ መምህርቷ ቀድመው በሩ ላይ ቆሙ።

«ማንም አይወጣም» አሉ። «ሞቲ፣ አንተ በገንዳው ቀኝ። ሲንቄ፣ አንቺ በግራ። ፓምፖቹ ባሉበት ቁሙና በሳህን ውሃውን ግፉ። ሌሎቻችሁ ተራ ያዙ።»

ሲንቄ ተቆጣች። «ቲቸር፣ በዚህ ሰዓት ስለ ኮራል ነው የሚያስቡት?»

«ስለ እናንተ ነው የማስበው። እጃችሁ ሥራ ካልያዘ እግራችሁ ይወጣል።»

እየተነጫነጩም ቢሆን ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሞቲ ሳህኑን ጣለው። «ማሎ ቲቸር፣ እባክዎ! ዱረቲ፣ እህቴ፣ ምሳዬን ይዛ ዋናው በር ላይ ትጠብቀኛለች። ልሂድ!»

መምህርቷ ክንዱን ያዙት። «አንተ አትወጣም። እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሴት ነኝ፤ ነጭ ጋውንም ለብሻለሁ። እኔ አመጣታለሁ። ሲንቄ፣ ከውስጥ ቆልፊው። ሳህኑን አንሣ፣ ሞቲ።»

ዋናው በር ተዘግቶ ነበር። ጥበቃው ኦቦ ሞቱማ ዱረቲን ክፍላቸው ውስጥ አልጋ ሥር ደብቀዋት ነበር፤ መምህርቷ እዚያ አገኟት። እጇን ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን ሲመለሱ ተኩሱ ቀረበ። ዱረቲ እንዲህ ትላለች፦ «መሃል መንገድ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ‹አንቺ ሩጪ› አሉኝ። እኔ ግን ትቻቸው አልሄድኩም፤ ደግፌያቸው ተነሣን።»

ሲንቄ በሩን ስትከፍት ሞቲ እያለቀሰ ውሃውን ይገፋ ነበር። እህቱን ሲያይ እንኳ ሳህኑን ለጓደኛው ሳያቀብል ከቦታው አልተነቃነቀም። ወደ ማታ ከተማው ረገብ ሲል ወላጆች መጥተው ልጆቻቸውን ወሰዱ። በዚያ ክፍል ከነበሩት አንድም የተጎዳ አልነበረም። መብራቱ ግን ቶሎ አልመጣም፤ ከኮራሎቹ እኩሌቶቹ ሞቱ። መምህርት ሸዋገነት አላዘኑም ማለት አይቻልም፤ አልቅሰዋል።

ከዚያ ወዲህ ሕመማቸው ጸናባቸው። በአምቦና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ሕዳር 19 ቀን 2007 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

መምህርት ሸዋገነት እናታቸውን ወ/ሮ ዓለሚቱን፣ ባለቤታቸውን አቶ ኦልጅራን፣ ልጆቻቸውን ናኦሚንና ሶፎንያስን ትተውልን ሄደዋል። ዛሬ አስከሬናቸውን ከቤታቸው እስከዚህ በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡት በዚያ ቀን በሰላም ወደ ቤታቸው የተመለሱት ልጆች ናቸው። ዱረቲም ከወ/ሮ ዓለሚቱ አጠገብ ቆማለች።

የምሕረት ጌታ ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ያሳርፍ፤ ልጃቸውን ለሚቀብሩት እናትም ብርታቱን አይንሳቸው። አሜን።